በሬዲዮ ያልተነገረ መርዶ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወንድሜን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። «ባሕረኛው» ነው የሚሉት። እኔም በዚሁ ሰበብ «የባሕረኛው እህት» ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ልጆቻቸውን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩት መክሊት የምትባል ሴት ከምድር የጠፋች ይመስል። ባሕር በሌለው አገር ባሕረኛ መሆን ለወሬ ይመቻል። ገበያ ስወጣ አንዱ «እስካሁን ዓሣ ነባሪ አልዋጠውም እንዴ?» ይለኛል፤ ሌላው «መርከቡን ይዞ መጥቶ ጨሞጋ ወንዝ ላይ ቢያቆመው ምናለ?» ይለኛል። ድሮ እስቅ ነበር። አሁን «ሂድና ራሱን ጠይቀው» ብዬ አልፋለሁ። ሄዶ የሚጠይቀው የለም። አሁን ከመጣ ጀምሮ የወንድሜን ፊት ያየ ሰው ቀልዱ አፉ ውስጥ ይደርቅበታል።

ስሙ እንዳላማው ነው። የአምበር ገበሬ ልጅ ነው፤ እኔም እንደዚያው። አባታችን አቶ አማረ እስካሁን በሬ ጠምደው ያርሳሉ። እንዳላማው ቢሾፍቱ ሄዶ ባሕረኝነት ሊማር መሆኑን ሲነግራቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሃው ጨው ነው አሉ። በሬ እንኳ አይጠጣውም። ለዚህ ውሃ ብለህ ነው አገር የምትለቅ?» ከዚያ መረቁት። አባባ እንዲህ ናቸው፤ መጀመሪያ ይናገራሉ፣ ቀጥሎ ይመርቃሉ።

እናታችን ያረፈችው እሱ ትምህርት ላይ እያለ ነበር። መርዶ በእኛ አገር ዝም ብሎ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው ጨርሶ አይነገርም። ሰውየው ወገኑ ዘንድ እስኪደርስ ይዋሻል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው አፍ ይከፍታል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ቀድሞ አጠገቡ ይቀመጣል። ስለዚህ ለእንዳላማው ደወልኩና «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብቅ ብለህ እያት» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም ሁለት የአጎታችን ልጆች እንደ አጋጣሚ አስመስለው ተሳፈሩና ግራና ቀኙ ተቀመጡ። እስከ ማርቆስ ድረስ ስንዴውን ስለመታው ዋግ ሲያወሩለት መጡ። እኔ ቤት ገባ፣ በላ፣ ተኛ። ማለዳ የአባባ የነፍስ አባት መምሬ መሳፍንት ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡና ነገሩት።

ከዓመት በኋላ ይሆናል፣ «እኮ እታለም፣ ሉማሜ ላይ ሲሳፈሩ ገብቶኝ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ይዘውኝ ነበራ» አለ።

እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ሰውን ብቻውን ሐዘን ላይ አለመጣል ትልቁ ደግነት እንደሆነ ያኔ ነው የተማረው። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ጥሩ ትምህርት ያለ ቦታው ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ትምህርቱን ጨርሶ የውጭ አገር ኩባንያ ጭነት መርከብ ላይ ተቀጠረ፤ እየቆየም ሦስተኛ መኮንን ሆነ። ሥራው ጠዋት ጠዋት ተረኛ ሆኖ መርከቡን መምራት ነው። ለእረፍት ሲመጣ አምበር እንሄድና አባባ ደጅ ላይ ተቀምጠን በስልኩ ፎቶ ያሳየናል። ዙሪያው መስታወት የሆነ ክፍል፣ ከመስታወቱ ሥር የተደረደሩ ስክሪኖች።

«ድሮ ካርታው ለብቻ፣ ራዳሩ ለብቻ፣ ኮምፓሱ ለብቻ ነበር» ይላል። «አሁን ሁሉም ተያይዟል። እኛ ያለንበት ቦታ ከሳተላይት ይመጣል። ሌሎቹ መርከቦች ስማቸውን፣ ፍጥነታቸውንና የሚሄዱበትን በመሣሪያ ራሳቸው ይናገራሉ። የማይናገረውን ደግሞ ራዳሩ ይፈልገዋል። ይኼ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ስክሪን ላይ ይወጣል። የሚያጋጭ ነገር ካለ ይጮሃል።»

አባባ በጥሞና ሰሙና «እና አንተ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«አያለሁ» አላቸው።

በሳቅ ሞትን። እሱም ከእኛ ጋር ሳቀ። ያን ሳቁን አሁን ላስታውሰው ብዬ ስሞክር ድምፁ አይመጣልኝም።

የሆነውን ነገር እሱ ቁጭ ብሎ አልነገረኝም። ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ አንድ ቃል እያለ የጣለውን ለቅሜ ነው የገጣጠምኩት። ቦታው የዓረብ ባሕር ነው። ጠዋት ነው፤ ነፋስ አለ። ማዕበል ሲነሳ ራዳሩ ማዕበሉንም እንደ ዕቃ ስለሚያየው ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል። ያንን የሚያጠፋ ማስተካከያ አለ። እንዳላማው ስክሪኑ ይጥራልኝ ብሎ ማስተካከያውን ከፍ አደረገው። ሁሉም ያደርገዋል። ከልክ ካለፈ ግን ከማዕበሉ ጋር ትንሽ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የዓሣ አጥማጅ የእንጨት ጀልባ ደግሞ ስሟን የምትናገርበት መሣሪያ የላትም።

ስክሪኑ ጠራ። ምንም የለም። ምንም አልጮኸም።

ያን የሚያክል መርከብ ትንሽ ጀልባ ሲመታ ንቅንቅ አይልም። «ጠረጴዛው ላይ ያለ እስክሪብቶ እንኳ አልተንከባለለም» ይላል ወንድሜ። ይህን ብዙ ጊዜ ይለዋል። ከመርከቡ ኋላ ጣውላና ሰማያዊ ጀሪካን ሲንሳፈፍ አይቶ የጮኸው ሌላ መርከበኛ ነው።

ካፒቴኑ መርከቡን አስዞረ፤ ፈለጉ። የተሰበረ ጣውላ አገኙ፣ መረብ አገኙ፣ አንድ የላስቲክ ጫማ አገኙ። ሰው አላገኙም። ካፒቴኑ ለነፍስ አድን ጣቢያና ለኩባንያው ሊደውል ወደ ውስጥ ገባ። እንዳላማው ብቻውን ቆሞ ሳለ ሬዲዮው ተናገረ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ሰው፣ «መርከብ፣ መርከብ፣ የወንድሜ ጀልባ፣ አይታችኋል? የት ነው?» ይላል።

ጣውላው የተገኘበት ቦታ ስክሪኑ ላይ በቀይ ምልክት ተይዟል። ቦታው የሚታወቅበት ቁጥር ከጎኑ ተጽፏል። ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው። በትንሽ ጀልባ፣ በነፋስ መሐል፣ የሚይዘው ክንድ በሌለበት መርዶውን የሚጠይቅ ሰው ነው የሰማው። የብስ ሲደርስ ወገኖቹ ሰብሰብ ብለው ይንገሩት ብሎ አሰበ።

«አላየንም ወንድሜ» አለው። «ደህና ነው። ሞተር ተበላሽቶበት ይሆናል። አይዞህ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ሰውየው፤ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ይህን ስህተት አብሮት የሚሠራው ግሪክም አይሳሳተው፣ ፊሊፒናዊውም አይሳሳተው። አምበር ተወልዶ፣ ሉማሜ ላይ ግራና ቀኙን የተያዘ ሰው ነው የሚሳሳተው። በንዴት ብዙ ቀን ልሰድበው አስቤ ስድቡን ማን ላይ እንደማሳርፈው አጥቻለሁ። ያሳደግነው እኛ ነን።

መርከቡ ላይ የተባለውን ሁሉ የሚቀዳ መሣሪያ ስላለ ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ካፒቴኑም ሰማው፣ ኩባንያውም ሰማው፣ መርማሪዎቹም ሰሙት። ኩባንያው ወንድሜን ወደ አገሩ ሰደደውና አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘው፤ ምርመራው እስኪያልቅ ለማንም ምንም እንዳይናገር። ዝም ካለ፣ «የሰውየው እንግሊዝኛ አልገባውም ነበር» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ከተናገረ የመኮንንነት ፈቃዱ መሄዱ ነው፤ ፈቃዱ ከሄደ ባሕሩም ሄደ።

እንግዲህ መጣ። ሳሎኔ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ብላ ስለው «እሺ»፣ ተኛ ስለው «እሺ»፣ ፀጉርህን ተስተካከል ስለው «እሺ»። የጎጃም ሰው ሳይከራከር እሺ ማለት ከጀመረ ያኔ ነው መፍራት። አንድ ቀን ሽሮው ላይ ጨው ሁለቴ ጨምሬበት ኖሮ እኔ ስቀምሰው ነው ያወቅሁት፤ እሱ ሳህኑን ጠርጎ ጨርሷል።

«ምን እያየህ ነው?» እለዋለሁ መስኮቱ ጋ ሲፈዝ።

«ምንም።»

«አልቅስ እንግዲህ! ሰው ነው የሞተው፣ አልቅስና ይውጣልህ!»

«አይመጣም እታለም» አለኝ፤ ድምፁ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነበር። እኔም እየቆየሁ እንደሱ ሆንኩ። ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ስወጣ ምን እንዳስተማርኩ አላውቀውም። ጎረቤት ቀልዳ ስትስቅ ከንፈሬን እከፍትላታለሁ። ቤታችን ውስጥ ሬሳ የሌለው፣ ለቅሶ የሌለው ሐዘን ተቀመጠ። ሐዘን ሲለቀስበት መጨረሻ አለው፤ ይኸኛው ግን እንደ እርጥብ ጋቢ ላያችን ላይ ቀረ።

አንድ ቀን ስልኩ ላይ የድምፅ መልእክት መጣለት። ዓረብኛ ነው። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ድምፁን ግን አወቀው። ደጋግሞ ሲያስጮኸው አየሁና ነጠላዬን አነሳሁ። መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ያላት አሰገደች ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ወደ እሷ ወሰድኩት።

አሰገደች የአቮካዶ መፍጫዋን አጠፋችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ እያለች ተረጎመችልን።

«ስሜ ሐሚድ ነው ይላል። ባሕር ላይ በሬዲዮ ያነጋገርኩህ እኔ ነኝ፤ ስምህን ከወደብ ሰዎች አግኝቼ በፌስቡክ ፈለግሁህ፤ እነሱ ምርመራ ላይ ነው ከማለት ሌላ አይነግሩንም። ወንድሜ ሳሊም እስካሁን አልተመለሰም። ለቅሶ እንቀመጥ ስንል እናታችን፣ ማን አየ? ትለናለች። በር አትዘጋም። ያየኸው ነገር ካለ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ንገረኝ። ይኼን ነው የሚል።» አሰገደች ስልኩን መለሰችለት። «እንዲያው ወንድሜ፣ ይኼ ሰው እኮ መርዶውን ነው የሚለምንህ።»

«አውቃለሁ እትዬ አሰገደች» አላት። የጁሱን ሂሳብ ልክፈል አለ፤ ጁስ አልጠጣንም ነበር።

በነጋታው አምበር ሄድን። አባባ አውድማ ጥግ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። እንዳላማው ፊታቸው ቆሞ፣ «አባባ፣ የሰው መርዶ ይዤ ተቀምጫለሁ» አላቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ከመጣ ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባባ ገመዱን ሳይለቁ ሰሙ።

«ብትነግረው እንጀራህስ?» አሉት።

«ይሄዳል።»

«ባትነግረውስ?»

አባባ ገመዱን አስቀምጠው ከዘራቸውን ፈለጉ። «የአንዲት እናት በር አንተ ዘንድ ነው ያለ» አሉት። «ተነሥ። ብቻህን ግን አትነግረውም። ወግ አለው።»

እኔ በልቤ ሥራው ከሄደ ምን ይሆናል እያልኩ ነበር፤ ሠርቶ የሚያውቀው ሌላ ሙያ የለው። አባባ ከዘራቸውን ካነሱ ወዲያ የሚመልሳቸው የለም።

በአሰገደች አፍ ለሐሚድ መልእክት ላክን። «የምንነግርህ ነገር አለ። ዘመዶችህን ሰብስብ፤ ብቻህን እንዳትሰማው» የሚል ነው። ሐሚድ ብዙ ሳይቆይ መለሰ። ከንጋት ሶላት በኋላ ቤታቸው እንደሚሰበሰቡ ነገረን። አሰገደች ይህን ስትተረጉም «ገብቶታል» አለች። እንዳላማው ሉማሜ ላይ እንደገባው ማለቷ አልነበረም፤ እኔ ግን ያንኑ አሰብኩ።

ማለዳ ሳሎኔ ሞላ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። መምሬ መሳፍንት መስቀላቸውን ይዘው ከአባባ ቀኝ ተቀመጡ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ የአጎታችን ልጆች፣ እነዚያው የሉማሜዎቹ፣ ሶፋውንና በርጩማውን ሞሉት። አሰገደች ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ መጥታ ነበር። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ሁላችንም ወደዚያች ትንሽ ስክሪን ዞርን። እንዳላማው ከጀርባችን፣ በሩ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወደፊት ና ብንለው «ከዚህ ይሰማል» አለ።

ስልኩ ተነሣ። እዚያም እንደ እኛው ሰው ሞልቷል። መሐል ላይ ጢሙ ያልተላጨ ወጣት፣ ከጎኑ ሻሽዋ አንገቷ ላይ የወረደ አሮጊት። መምሬ ለእስላም ቤት መርዶ ነግረው አያውቁምና ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«እኛ ሩቅ ነን፤ ደጋ ነን፤ ባሕሩን አይተነው አናውቅም። የሰጠ ፈጣሪ ነው፣ የነሣም ፈጣሪ ነው። ልጃችሁ ሳሊም ከእንግዲህ አይመጣም። እናቱን ያዙልን።»

አሰገደች ተረጎመች። እዚያ የነበሩት ወንዶች ቀድመው ተዘጋጅተው ኖሮ አሮጊቷን ግራና ቀኝ ያዟት። ጩኸቷ በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ ቀጥኖ መጣ። የእኛም ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አላወቁትም፤ ግን ለቅሶ ነው። አባባ ክንዳቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው «ያዟት፣ ያዟት፣ አይዟችሁ» ይሉ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ እንዳላማው ከኋላ ተናገረ። «ሐሚድ፣ እኔ ነኝ። ጀልባዋን የመታናት እኛ ነን። ስክሪኑን አጥርቼው ስለነበር አላየኋትም። በሬዲዮ ስትጠይቀኝ ግን አውቅ ነበር። ብቻህን ስለሆንክ ነው ያልነገርኩህ። በእኛ አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ይቅር በለኝ።»

አሰገደች ቃል በቃል አደረሰችለት። ሐሚድ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በቀስታ ተናገረ። አሰገደች አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ይቅር።»

«ንገሪው ልጄ» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «ሰው የተሰበሰበ ለዚህ ነው።»

«መሞቱን አልጠየቅሁህም ነው የሚል» አለች። «የት ነው ብዬ ነው የጠየቅሁህ። ሳሊም ዋና ይችል ነበር፤ እኔም ቅርብ ነበርኩ። ሞተር ተበላሽቶበት ይሆናል ስላልከኝ፣ ሞተር የሌላት ጀልባ ነፋስ ነው የሚወስዳት ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ነፋሱን ተከትዬ ፈለግሁት። ከእሱ እየራቅሁ ሄድኩ። ነው የሚል።»

ስልኩ ውስጥ ሐሚድ እንደገና አንድ ነገር ጠየቀ። አሰገደች፣ «አሁንስ ቦታውን ትነግረኛለህ? ይላል» አለች።

ከጀርባችን የወንድሜ ድምፅ የቦታውን ቁጥር መጥራት ጀመረ። ሰሜን ይህን ያህል፣ ምሥራቅ ይህን ያህል። አላነበበም፤ በቃሉ ነበር የያዘው። አሰገደች እያንዳንዱን ቁጥር ትመልሳለች፤ ሐሚድ እስክሪብቶ አጥቶ መዳፉ ላይ በከሰል ይጽፋል። አሮጊቷ እጁን ያዘችና የተጻፈውን አየችው። ማንበብ የምትችል አትመስልም፤ ግን አየችው። እኛ ሁላችን አንገታችንን አስግገን እሷን እናያለን፤ መምሬም፣ አባባም ክንዳቸውን እንደዘረጉ፣ የሉማሜዎቹም።

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል እንዳላማው በሩ ሥር ወለሉ ላይ ነበር፤ ግንባሩ ከበሩ ጠርዝ ተመትቶ ይደማል፤ ከመጣ ጀምሮ ያላለቀሰው ሰው አፉን ከፍቶ ያለ ድምፅ ያለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሰበሰብነው የሚወድቀውን ለመያዝ ነው። ወንድሜን የያዘው አልነበረም፤ ሁላችንም ስክሪኑን እያየን ነበር።